የቫይታሚን ዲ እንክብል በደም ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ፦ ስለ አወሳሰዱና ስለ ምርመራ ውጤቱ አነባበብ

ቫይታሚን ዲ በስብ እንጂ በውሃ የማይሟሟ ንጥረ ነገር ነው። የደም ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ቫይታሚኑ ብቻውን በደም ሥር ሊዘዋወር አይችልም፤ ከአንጀት ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ኩላሊት፣ ከዚያም ወደ አጥንትና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ለመድረስ የግድ የሚሸከመው ያስፈልገዋል። እንክብሉን የሚወስዱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስንት ዩኒት መውሰድ እንዳለባቸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ የተዋጠው ቫይታሚን በደም ውስጥ በምን ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ ካልታወቀ ከምግብ ጋር መውሰድ ለምን እንደሚመከር፣ በየቀኑ ጥቂት መውሰድ በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ከመውሰድ ለምን እንደሚሻል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ምን እንደሚል በትክክል መረዳት አይቻልም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የሚያያይዘው ነጥብ አንድ ነው፦ እንክብሉ ጭነቱን ይጨምራል፤ የተሸካሚውን ብዛት ግን አይነካም።

ከአንጀት እስከ ጉበት

የተዋጠው ቫይታሚን ዲ በትንሹ አንጀት ውስጥ በሐሞት አማካይነት ከምግቡ ስብ ጋር ተቀላቅሎ ይመጠጣል። የአንጀት ሕዋሳት ካይሎማይክሮን በሚባሉ ጥቃቅን የስብ ጠብታዎች ውስጥ ከከተቱት በኋላ ጠብታዎቹ መጀመሪያ ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይገባሉ፤ ቀጥሎም በደረት ውስጥ በሚያልፈው ዋናው የሊምፍ ቧንቧ ሽቅብ ተጉዘው አንገት ሥር ከደም መልስ ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ቫይታሚኑ ደም ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚጓዘው በአብዛኛው በስብ ላይ ተጭኖ ነው። ከፊሉ በመንገድ ላይ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት ይገባል፣ ከፊሉ ወደ ተሸካሚው ፕሮቲን ይዛወራል፣ የቀረውም ጉበት ይደርሳል።

ፀሐይ በቆዳችን ላይ የምትሠራው ቫይታሚን መንገዱ ከዚህ ይለያል። እርሱ ከቆዳ ወደ ደም በዝግታ፣ በቀናት ውስጥ እየገባ ከመነሻው በተሸካሚው ፕሮቲን ላይ ይጫናል፤ በዚህም ምክንያት በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከተዋጠው ቢያንስ ሁለት እጥፍ እንደሚሆን ይነገራል። በመርፌ ጡንቻ ውስጥ የሚሰጠውም በአንጀትና በስብ ጠብታዎች በኩል ስለማያልፍ ወደ ደም የሚወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ መርፌ የተወጋ ሰው በሳምንቱ ተመርምሮ ቁጥሩ እምብዛም ባይነሳ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መደምደም የለበትም።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው መመሪያ እንክብሉን በባዶ ሆድ አለመውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ላይ፣ እንክብሉን እየወሰዱ ቁጥራቸው አልነሳ ያላቸው 17 ሰዎች በቀኑ ትልቁ ምግብ ላይ እንዲወስዱት ሲደረግ በደማቸው ያለው መጠን በአማካይ በግማሽ ያህል ጨምሯል። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስብ ካለው ምግብ ጋር የወሰዱት ሰዎች ስብ ከሌለው ጋር ከወሰዱት ይልቅ ከ12 ሰዓት በኋላ የተለካው ቫይታሚናቸው በ32 በመቶ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። ጮማ መብላት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም ምስር፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ በቅቤ የተሠራ ማንኛውም ወጥ ይበቃል። ጠዋት በጥቁር ቡናና በደረቅ ዳቦ ከመዋጥ ግን ምሳን መጠበቅ ይሻላል።

ጿሚዎች በዚህ ላይ የሚቸገሩበት ምክንያት የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከመጀመሪያው ምግቡ ጋር፣ ረመዳንን የሚጾምም ከማፍጠሪያው ጋር ቢወስደው ቫይታሚኑ የሚጠብቀው ስብ አብሮት አለ፤ የጾም ዘይትም ለዚህ ሥራ ከቅቤ አያንስም። ሰዎችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው የእንክብሉ ልባስና የቫይታሚኑ ምንጭ ነው። ለስላሳው ካፕሱል ብዙውን ጊዜ ከከብት ወይም ከአሳማ በሚወጣ ጀላቲን ይሠራል፤ ዲ3 የተባለው ቫይታሚንም በአብዛኛው የሚዘጋጀው ከበግ ጠጉር ከሚገኝ ቅባት ነው። ከእንስሳ የራቀ የሚፈልግ ሰው ከድንጋይ ሽበት የተሠራ ዲ3 ወይም በእርሾና በእንጉዳይ ላይ የተመሠረተ ዲ2 መኖሩን ይወቅ፤ በዘይት የተበጠበጠ ጠብታም የካፕሱሉን ጥያቄ ያስቀራል።

አንጀታቸው ስብ በደንብ የማይመጥ ሰዎች ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። የሴሊያክ ሕመም፣ የቆየ የቆሽት ብግነት፣ የሐሞት ቧንቧ መዘጋት፣ ክብደት ለመቀነስ የተደረገ የጨጓራና የአንጀት ቀዶ ሕክምና፣ ስብ እንዳይመጠጥ የሚያደርገው ኦርሊስታት የተባለው መድኃኒትና ኮሌስቲራሚን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ቫይታሚኑን ከጉዞው መነሻ ላይ ያስቀሩታል። እነዚህ ያሉበት ሰው መጠኑን በራሱ ከመጨመር ይልቅ ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ተሸካሚው ፕሮቲን

ጉበት የደረሰው ቫይታሚን ዲ ወደ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ላቦራቶሪ የሚለካው ይህንን ነው። የቫይታሚን ዲ ተሸካሚ ፕሮቲን የሚባለውንም የሚሠራው ያው ጉበት ነው። ይህ ፕሮቲን የታወቀው ሥራው ከመታወቁ በፊት ነበር፤ ጃን ሂርሽፌልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከሰው ሰው የሚለያይ የደም ፕሮቲን መሆኑን ሲገልጽ ቫይታሚን እንደሚሸከም ማንም አላወቀም ነበር፤ ይህ የታወቀው በ1975 ነው። በመካከሉ የፕሮቲኑ ዓይነቶች አባትነትን በመለየት ሥራ ላይ ያገለግሉ ነበር።

በደም ውስጥ ካለው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በዚህ ፕሮቲን ላይ በጥብቅ ታስሮ ይሄዳል። ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አልቡሚን በተባለው ሌላ የደም ፕሮቲን ላይ በላላ ሁኔታ ይያዛል። ምንም ሳይታሰር ነጻ ሆኖ የሚዘዋወረው ከአሥር ሺህ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩ ኢምንት ይምሰል እንጂ አብዛኞቹ ሕዋሳት በግድግዳቸው አልፎ የሚገባላቸው ይኸው ነጻው ክፍል ነው። ኩላሊት ግን ለየት ይላል፤ ተሸካሚውን ከነጭነቱ ከሽንት መንገድ ላይ መልሶ የሚይዝ መቀበያ ስላለው የታሰረውንም ይጠቀምበታል፣ በዚያም ካልሲትሪዮል የተባለው ዋናው ሆርሞን ይሠራል።

አሁን እንክብሉ ምን እንደሚለውጥ እንመልከት። በአንድ ሊትር ደም ፈሳሽ ውስጥ የተሸካሚው ፕሮቲን መጠን 5,000 ናኖሞል ገደማ ነው። ጤናማ በሚባል ሰው ደም ውስጥ ያለው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ናኖሞል ነው። መቶ መቀመጫ ያለው አውቶቡስ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይዞ እንደሚሄድ መሆኑ ነው። በየቀኑ እንክብል የሚወስድ ሰው ቁጥሩን ከ40 ወደ 80 ናኖሞል ቢያሳድግ ተሳፋሪው አንድ ከመሆን ሁለት ወደ መሆን አለፈ እንጂ ወንበር አልተጣበበም። በዚህ ምክንያት የታሰረው፣ በአልቡሚን ላይ ያለውና ነጻው ክፍል እርስ በርሳቸው ያላቸው ምጣኔ እምብዛም ሳይለወጥ ሁሉም አብረው ከፍ ይላሉ፤ ጠቅላላው ቁጥር በእጥፍ ሲጨምር ነጻውም በእጥፍ ገደማ ይጨምራል።

የተሸካሚውን ብዛት የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ጉበት፣ ኢስትሮጅን፣ በሰውነት ውስጥ ያለ ብግነት፣ በሽንት የሚፈስ ፕሮቲን፣ እንዲሁም በዘር የሚወረስ የጂን ዓይነት። በተለመደ መጠን የሚወሰድ ቫይታሚን ዲ ጉበትን ብዙ ተሸካሚ እንዲሠራ እንደማያዝዘው አብዛኞቹ ሙከራዎች አሳይተዋል። ስለሆነም «የቫይታሚን ዲን በደም ውስጥ የመጓጓዝ አቅም ያጎለብታል» የሚል ማስታወቂያ ያለበትን ውድ እንክብል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ከመጀመሪያውም ላልጎደለ ነገር ነው።

ተሸካሚው ራሱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ግማሹ የሚታደስ ሲሆን ጭነቱ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ግማሹ ሳይጎድል ይቆያል። አሮጌው ተሸካሚ ሲወገድ ቫይታሚኑ ወደ አዲሱ ይዛወራል ማለት ነው። ተሸካሚው ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ደግሞ በ2019 የታተመ አንድ ያልተለመደ የሕክምና ዘገባ ያሳያል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከሁለቱም ወላጅ በኩል ሳይኖራት የተወለደች አንዲት ሴት ቫይታሚን ዲ ብትወስድም የ25-ሃይድሮክሲ መጠኗ እጅግ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ የደሟ ካልሲየም ግን ጤናማ ነበር። ተሸካሚው መጠባበቂያ ክምችቱን ደም ውስጥ ይዞ የሚያቆይ እንደሆነ፣ ሕዋሳት ግን ነጻውን በመጠቀም መኖር እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዲ3 እና በዲ2 መካከል ያለው ልዩነትም ከፊሉ ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ከዲ2 የሚሠራው 25-ሃይድሮክሲ ተሸካሚውን የሚይዘው ላላ ብሎ ስለሆነ ከደም ቶሎ ይወገዳል። በየቀኑ ሲወሰዱ ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ ሲወሰዱ ግን ይሰፋል። ምርጫ ካለ ዲ3 ይወሰድ።

መጠኑን መወሰንና መከፋፈል

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥንቃቄ ማንበብ ከሁሉም ይቀድማል፤ በተለይ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር በዘመድ እጅ የመጣ ከሆነ። አንድ ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። 10 ማይክሮግራም 400 ዩኒት፣ 25 ማይክሮግራም 1,000 ዩኒት፣ 125 ማይክሮግራም ደግሞ 5,000 ዩኒት ይሆናል። አደገኛው ስሕተት የሚፈጠረው 50,000 ዩኒት ያለው የሐኪም ትእዛዝ ካፕሱል ላይ ነው፤ እርሱ 1.25 ሚሊግራም ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው 25 ከሚለው ያነሰ መስሎት በየቀኑ ሊውጠው ይችላል። ይህ ካፕሱል ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት አንድ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። ለእናት ወይም ለአባት እንክብል የምትልኩ ልጆች በክዳኑ ላይ በአማርኛ «በቀን አንድ» ወይም «በሳምንት አንድ» ብላችሁ ጻፉበት።

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ይፋ ያደረገው ምክር ከአንድ ዓመት እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 800፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን 400 ዩኒት ነው። ለአዋቂ ያለ ሐኪም ክትትል መታለፍ የሌለበት ጣሪያ 4,000 ዩኒት ተብሏል። ይህ ጣሪያ ከምግብ፣ ከብዙ ቫይታሚን ድብልቅና ከካልሲየም እንክብል ውስጥ የሚገኘውንም ጨምሮ ነው፤ አንድ ሰው ሳያስተውል ከሦስት ጠርሙስ ቫይታሚን ዲ ሲወስድ ማየት አዲስ አይደለም።

በአንድ ጊዜ ብዙ መውሰድ የማይመከርበት ምክንያት ከጉዞው ጋር የተያያዘ ነው። ገና ያልተለወጠው ቫይታሚን ዲ ተሸካሚውን የሚይዘው እንደ 25-ሃይድሮክሲው አጥብቆ ስላልሆነ በደም ውስጥ የሚቆየው ለአንድ ቀን ገደማ ነው። ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ሲገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከደም ወጥቶ ከፊሉ ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነትም የመጣበትን ብዛት ለመከላከል ቫይታሚኑን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያነሳሳል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2,200 በላይ በሚሆኑ አረጋውያን ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ሙከራ በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በመውደቅ 15 በመቶ፣ በአጥንት ስብራት 26 በመቶ በልጠው መገኘታቸውን አሳይቷል። በየቀኑ የሚወሰደው በዕለቱ አንድ ቀን ቢዘነጋ ግን ምንም አይደለም፤ 25-ሃይድሮክሲው ለሳምንታት ስለሚቆይ ያመለጠውን ለማካካስ በማግሥቱ ሁለት መዋጥ አያስፈልግም። በየቀኑ ማስታወስ የሚከብደው ሰው የሰባቱን ቀን አጠቃሎ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢወስድም ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ውፍረት ያለው ሰው ከፊሉ ቫይታሚን በስብ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚቀርበት በደም ውስጥ ያንኑ ቁጥር ለማግኘት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መጠን ሊያስፈልገው ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ከሆኑት ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን፣ ከሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን፣ ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም ኢፋቪሬንዝ ቫይታሚኑ በጉበት ቶሎ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ግን በዚህ ተነሥቶ በራሱ መጠን መጨመር የለበትም፤ በበሽታው የተቆጡት ሕዋሳት ራሳቸው ያለ ቁጥጥር ካልሲትሪዮል ሊሠሩ ስለሚችሉ ካልሲየሙ ሊያሻቅብ ይችላል።

የላቦራቶሪውን ወረቀት ማንበብ

መጠየቅ ያለበት ምርመራ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ነው። 1,25-ዳይሃይድሮክሲ የተባለው የካልሲትሪዮል ምርመራ ስሙ ይቀራረብ እንጂ የክምችቱን መጠን አይናገርም፤ ቫይታሚን ባነሰው ሰው ላይ እንኳ ጤናማ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ደም ለመስጠት መጾም አያስፈልግም፣ በዕለቱ እንክብል መዋጥም ቁጥሩን አያዛባም። ለጠጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን ግን አንዳንድ የምርመራ መሣሪያዎችን ስለሚያሳስት ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ይቋረጥ። ትኩሳት ላይ ያለ፣ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደግሞ ተሸካሚውም ጭነቱም ለጊዜው ስለሚወርድ እስኪያገግም ቢቆይ ይመረጣል።

ቁጥሩን ከማየት በፊት መለኪያውን ማየት ይገባል። በስቶክሆልም ወይም በለንደን የተመረመረ ሰው ውጤቱን በናኖሞል በሊትር፣ በዋሽንግተን የተመረመረ ደግሞ በናኖግራም በሚሊሊትር ያገኛል። ስዊድን ሳለ 60 የነበረው ሰው አሜሪካ መጥቶ 24 ሲባል እንክብሉን በእጥፍ ቢጨምር አይደንቅም፤ ሆኖም 60ን ለ2.5 ሲያካፍሉት የሚገኘው ራሱ 24 ነው፣ በደሙ ውስጥ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም።

በናኖግራም መለኪያ ከ12 በታች የሆነ ቁጥር ግልጽ እጥረት ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ሰው አጥንት በቂ ነው። 30 መድረስ አለበት የሚለው ምክር በ2011 የአሜሪካ የኢንዶክራይን ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው ሲሆን፣ ይኸው ማኅበር በ2024 ባወጣው አዲስ መመሪያ ያንን ወሰን ትቶታል፣ ጤናማ አዋቂዎችም በዘፈቀደ እንዲመረመሩ አይመክርም። በበኩሌ 24 ወይም 26 ያወጣ ጤነኛ ሰው 30ን ለማየት ሲል ብቻ መጠኑን የሚጨምርበት ምክንያት አይታየኝም።

እንክብል ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተለወጠ በኋላ እንደገና ለመመርመር ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ጭነቱ በዝግታ ስለሚገነባ በሦስተኛው ሳምንት የሚገኘው ቁጥር የመንገዱን አጋማሽ እንጂ መድረሻውን አያሳይም። በየቀኑ የሚወሰድ 100 ዩኒት ቁጥሩን በግምት በአንድ ናኖግራም ያነሣል። ከ12 ተነሥቶ በቀን 1,000 ዩኒት የወሰደ ሰው በሦስት ወሩ 22 አካባቢ ቢያገኝ የተጠበቀው ሆኗል። ከዝቅተኛ የሚነሣ ፈጠን ብሎ ይጨምራል፤ ከከፍተኛ የሚነሣ ያዘግማል። ያው ሰው 13 ላይ ቆሞ ቢገኝ መጠኑን ከማብዛቱ በፊት በትክክል ወስዶ እንደነበር፣ ከምግብ ጋር ስለመውሰዱ፣ ስለ አንጀቱ፣ ስለሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ላቦራቶሪ ስለመደረጋቸው ይጠይቅ። አንዳንድ መሣሪያዎች ከዲ2 የመጣውን በሙሉ አያነቡም፤ ዲ2 ለሚወስድ ሰው ይህ ብቻውን ለቁጥሩ አለመነሣት ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የተሸካሚው ጥያቄ ነው። የላቦራቶሪው ቁጥር ታስሮ የሚሄደውንና ነጻውን ሳይለይ ጠቅላላውን የሚቆጥር በመሆኑ፣ ተሸካሚው ሲበዛ ቁጥሩ ያለ እንክብል ከፍ ይላል፣ ተሸካሚው ሲያንስ ደግሞ እንክብል እየተወሰደም ዝቅ ይላል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ቁጥሯ ከማትወስደው በ20 በመቶ ያህል ሊበልጥ ይችላል፤ ክኒኑን ስታቆም የሚታየው መውረድ ከተሸካሚው መቀነስ የመጣ ሊሆን ስለሚችል መደናገጥ አይገባትም። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ተሸካሚው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ጠቅላላው ቁጥር ደኅና መስሎ ነጻው ክፍል ግን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በክትትሏ የታዘዘላትን እንክብል ቁጥሬ ጥሩ ነው ብላ አትተው። የጉበት ሲሮሲስ ያለበት ሰው ተሸካሚውን በበቂ አይሠራም፣ በኩላሊት ሕመም ፕሮቲን በሽንት የሚፈስበትም ተሸካሚውን ከነጭነቱ ያጣል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ዝቅተኛ ቁጥር የእጥረቱን ልክ አጋኖ ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ የፓራታይሮይድ ሆርሞንን፣ ካልሲየምን፣ አልካላይን ፎስፋቴዝንና አልቡሚንን አብሮ ያያል። ነጻውን ክፍል ለይቶ የሚለካ ምርመራም አለ፤ በአብዛኛው በምርምር ቤቶች የሚገኝ ስለሆነ ለተራው ተመርማሪ ገንዘብ የሚያስወጣ ጉዳይ አይደለም።

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ የተነሣ አንድ ክርክር እዚህ ላይ መነሣት አለበት፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከሐኪሞቻቸው ሊሰሙት ይችላሉና። በ2013 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ተሸካሚ ፕሮቲናቸው በጣም ያነሰ ስለሆነ ጠቅላላ ቁጥራቸው ዝቅ ቢልም ነጻው ክፍል ከነጮቹ ጋር እኩል ነው ብሎ ነበር። በኋላ እንደታየው ግን የተጠቀሙበት የምርመራ ዘዴ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚበዛውን የፕሮቲን ዓይነት አሳንሶ የሚያነብ ነበር፤ በሌሎች ዘዴዎች ሲለካ የተሸካሚው መጠን በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «እናንተ ዝቅ ያለ ቁጥር ይበቃችኋል» የሚለው አባባል በዚያ ጥናት ላይ ሊቆም አይችልም። በሚኒያፖሊስ፣ በኦስሎ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በክረምት ወራት ከፀሐይ የሚያገኘው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ፀሐይ ባለበት አገር ፀሐይ አታገኝም።

ለምታጠባ እናት

እናት እንክብል ከወሰደች ወተቷ ለልጇ ይበቃል የሚለው ግምት የሚከሽፈው በዚሁ በተሸካሚው ምክንያት ነው። 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ተሸካሚውን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው። በላላ ሁኔታ የሚጓዘው፣ ገና ያልተለወጠው ቫይታሚን በተሻለ ያልፋል፤ እርሱ ግን በአንድ ቀን ገደማ ከደም ይጠፋል። ስለዚህ እናት በወር አንድ ጊዜ የምትወስደው ከፍተኛ መጠን የራሷን ቁጥር ጥሩ አድርጎ ወተቷን ግን በቀሪዎቹ ቀናት ባዶ ሊተው ይችላል። በቀን 6,400 ዩኒት የወሰዱ እናቶች ልጆች በቂ እንዳገኙ ያሳየ ጥናት አለ፤ መጠኑ ግን ከጣሪያው በላይ በመሆኑ ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም። ቀላሉ መንገድ ለሕፃኑ ራሱ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ 400 ዩኒት በጠብታ መስጠት ነው። ጠብታው ከመሰጠቱ በፊት 400 ዩኒት የሚሆነው አንድ ጠብታ ይሁን ወይስ አንድ ሚሊሊትር ከሣጥኑ ላይ ይረጋገጥ፤ ሁለቱም ዓይነት በገበያ ላይ አለ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም በጣም ሰፊ ነው።

ከመጠን ሲያልፍ

በናኖግራም መለኪያ ከ150 በላይ የሆነ ቁጥር የመመረዝ ስጋት ያለበት ነው። በዚህ ጊዜ እንኳ ከተሸካሚዎቹ መካከል የተያዙት ከመቶ አሥር አይሞሉም፤ ታዲያ ጉዳቱ ከወዴት ይመጣል? ከሚቀርቡት ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ የበዛው 25-ሃይድሮክሲ ተሸካሚውን አጥብቆ ስለሚይዝ ላላ ብሎ የተያዘውን ካልሲትሪዮል ከቦታው ያስለቅቀዋል፣ ነጻ የሆነው ሆርሞንም አንጀትን ከመጠን ያለፈ ካልሲየም እንዲመጥ ያደርገዋል። የሚታዩት ምልክቶች የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ብዙ መጠማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድካምና ግራ መጋባት ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ሆኖ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ካልሲየሙ ይበልጥ ሊያሻቅብ ስለሚችል ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ምልክቶቹ ከታዩ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ያለባቸው እንክብሎች በሙሉ ወዲያውኑ ይቁሙ፣ ሕመምተኛውም ጠርሙሶቹን ይዞ ሐኪም ቤት ይሂድ። በመጀመሪያ የሚለካው የደም ካልሲየምና የኩላሊት ሥራ ነው። እንክብሉ ቢቆምም በስብ ውስጥ የተከማቸው ቀስ እያለ ስለሚወጣ ቁጥሩ የሚወርደው በሳምንታትና በወራት ነው፤ በዚህ ጊዜ ካልሲየሙ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት በተደጋጋሚ ይመረመራል።